ራብና ጥጋብ፦ ዘግይቶ የሚያነብ መለኪያ

አንድ ጤናማ ጎልማሳ በቀን 2400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይጠቀማል ብለን እንነሣ። (በዚህ ጽሑፍ «ኃይል» ስንል የፊዚክስ መጻሕፍት ኢነርጂ የሚሉትን፣ «ኃይል ሰጪ ምግብ» ሲባል የምንረዳውን ማለታችን ነው።) አንድ ኪሎ ካሎሪ 4184 ጁል ስለሆነ የዕለቱ ፍጆታ 10 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ይህን በአንድ ቀን ውስጥ ላሉት 86400 ሴኮንዶች ብናካፍለው 116 ዋት እናገኛለን። እንግዲህ ሰው ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ከሚበራ ባለ 100 ዋት አምፖል ጥቂት የሚበልጥ ኃይል የሚፈጅ ፍጡር ነው።

ይህ ቁጥር ራሱ ብዙም አያስደንቅ ይሆናል። የሚያስደንቀው ሒሳቡን ወደ ዓመት ስናሰፋው ነው። በዓመት 876000 ኪሎ ካሎሪ ወደ ሰውነታችን ይገባል፤ ያንኑ ያህልም ይወጣል። ገቢው ከወጪው በአንድ በመቶ ብቻ ቢበልጥ የዓመቱ ትርፍ 8760 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ በዓመት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ፣ በአሥር ዓመት ደግሞ ከአሥር ኪሎ ግራም በላይ እንጨምር ነበር። (ክብደት ሲጨምር ፍጆታም አብሮ ስለሚያድግ እውነተኛው ጭማሪ ከዚህ ያንሳል፤ ለግምት ግን ይበቃናል።) አንድ በመቶ ማለት በቀን 24 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህም በወጥ ከራሰ አንድ ጉርሻ አይበልጥም። ታዲያ ምግቡን በሚዛን መዝኖ የሚበላ ሰው እምብዛም በሌለበት ዓለም፣ የብዙ ሰዎች ክብደት ከዓመት ዓመት በጥቂቱ ብቻ የሚለዋወጠው በምን መሣሪያ እየተለካ ነው?

መሣሪያው ራብና ጥጋብ ነው። ራብ «ጀምር»፣ ጥጋብ «አቁም» ይላል። በቅርብ ዓመታት ስለ ጤናማ አመጋገብ የሚጽፉ ሰዎች «ሰውነትህን አድምጥ» የሚለውን ምክር ያዘወትራሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ ጎዶሎ ሆኖ ይታየዋል። ማንኛውም መለኪያ ሲሰጠን አስቀድመን የምንጠይቀው ሁለት ነገር አለ፦ ምን ይለካል? ንባቡስ በስንት ጊዜ ይደርሳል? ቴርሞሜትር ከብብቱ ሥር እንደገባ ወዲያው አውጥቶ የሚያነብ ሰው ትኩሳት የለብኝም ብሎ ሊሄድ ይችላል። ጥፋቱም የቴርሞሜትሩ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የራብና የጥጋብ ምልክቶች ከየት እንደሚነሡ፣ ምን ያህል እንደሚዘገዩና መቼ እንደሚያሳስቱን ለማየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። «ሆዴን ሞረሞረኝ» የሚል ሰው ከሆዱ አካባቢ የሚሰማውን ይናገራል። «ጠኔ ያዘኝ» የሚል ሰው ደግሞ ከሆድ ያለፈ፣ ጉልበትን የሚያዝልና ዓይንን የሚያጭበረብር ድካም ይገልጻል። «አማረኝ» የሚለው ስለ ራብ አይናገርም፤ የጠገበ ሰውም ሊያምረው ይችላልና። በሌላው ዳር «ጠገብኩ» አለ፤ ከእርሱም አልፎ «ቁንጣን» አለ። ጥጋብ ከሰሃን አልፎ ለትዕቢት መጠሪያ መሆኑ የሚያነጋግር ቢሆንም ለቋንቋ ምሁራን እንተወው። ለእኛ የሚጠቅመን በሙርሙር፣ በጠኔና በአምሮት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱ ከተለያየ ቦታ የሚነሡ ምልክቶች ናቸውና። «ራበኝ» ብሎ የሚነሣ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደተሰማው ራሱን ቢጠይቅ ከማድመጥ ሥራው ግማሹን ፈጽሟል።

ከጨጓራ እስከ አንጎል

እ.ኤ.አ. በ1912 ዋልተር ካነን የተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅና ዎሽበርን የተባለው ተማሪው አንድ ሙከራ አሳተሙ። (በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዎሽበርን በቀጭን ቱቦ ጫፍ የታሰረ ፊኛ ዋጠ። ፊኛው በጨጓራው ውስጥ በአየር ሲነፋ፣ ጨጓራው በተኮማተረ ቁጥር የግፊቱ ለውጥ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ይሣል ነበር። ዎሽበርን በበኩሉ ወረቀቱን ሳያይ ራብ በተሰማው ቁጥር ምልክት ያደርጋል። ሁለቱ መዝገቦች ሲተያዩ የራቡ ስሜትና የጨጓራው መኮማተር ተገጣጠሙ። ሙከራው ቀላል፣ ርካሽና ግልጽ ነበር፤ ለዚህም ይመስላል ለብዙ ዓመታት «ራብ ማለት የጨጓራ መኮማተር ነው» የሚለው አስተሳሰብ የገነነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በ1931 ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሕመምተኛ ራብ እንደሚሰማው ተዘገበ። ጨጓራ ሳይኖር ራብ ካለ፣ የራብ መነሻ ጨጓራ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ስለ ሆድ ጩኸትም አንድ ቃል እንጨምር። ምግብ ከተፈጨ በኋላ ጨጓራና ትንሹ አንጀት በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ጠንካራ የመኮማተር ማዕበል ያካሂዳሉ፤ የቀረውን ጠርጎ ወደ ታች ማውረጃ ነው። በባዶው ቱቦ ውስጥ ያለው አየርና ፈሳሽ ሲገፋ ድምፅ ይሰጣል፤ ድምፁን የሚያፍን ምግብ ስለሌለም ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ በክፍል ጸጥታ መካከል የሆድ መጮህ ከሁሉ በፊት የጽዳት ሥራ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ ከራብ ጋር ይገጣጠማል፤ ራብ ግን አይደለም።

ፍለጋው ከጨጓራ ወደ አንጎል ተሸጋገረ። በ1940 ሄዘሪንግተንና ራንሰን በአይጦች አንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ አንድ አነስተኛ ቦታ ሲጎዳ አይጦቹ ያለ ልክ እንደሚወፍሩ አሳዩ። በ1951 ሕንዳዊው አናንድና አሜሪካዊው ብሮቤክ ከዚያ ጥቂት ወደ ጎን ያለው ቦታ ሲጎዳ እንስሳቱ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ መብላት እንደሚተዉ አሳዩ። የቁጥጥሩ ማዕከል ተገኘ። ሆኖም ማዕከሉ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ክምችት እንዳለ በምን ያውቃል?

መልሱ ወፍራም ከሆኑ አይጦች መጣ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ዳግላስ ኮልማን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሁለት ሁለት አይጦችን በቀዶ ጥገና እያገናኘ ደማቸው እንዲዘዋወር አደረገ። በተፈጥሮ ከልክ በላይ የሚወፍር አንድ የአይጥ ዘር ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲገናኝ ምግቡን ቀነሰ። እንግዲህ በጤነኛው ደም ውስጥ «በቃህ» የሚል፣ ወፍራሙ ግን የሌለው መልእክተኛ አለ ማለት ነው። መልእክተኛውን በ1994 በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ አገኙት። የሚመነጨው ከራሱ ከስብ ሕዋስ ነው። ስሙንም «ቀጭን» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስደው ሌፕቲን አሉት። በ1999 ደግሞ ጃፓናውያኑ ኮጂማና ካንጋዋ ተቃራኒውን፣ በዋናነት ከጨጓራ የሚመነጨውንና ራብን የሚቀሰቅሰውን ግሬሊን አገኙ። ካነን የጠረጠረው ጨጓራ በሌላ በር ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ሦስት ሰዓቶች

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥባችን እንደርሳለን። ወደ አንጎል የሚደርሱት ምልክቶች እኩል ፈጣን አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው።

ፈጣኑ የጨጓራ መለጠጥ ነው። ባዶ ጨጓራ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ መጠን ይይዛል፤ ሲሞላ ግን አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሚገርመው በዚህ ሁሉ መስፋት ውስጥ የውስጡ ግፊት እምብዛም አይጨምርም፤ ግድግዳው ራሱን እያላላ ቦታ ይለቃልና። በግድግዳው ያሉ የነርቭ ጫፎች የሚዘግቡት መለጠጡን ነው፤ ዘገባውም በቬገስ ነርቭ በኩል በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ የሚለካው ይዘትን እንጂ ኃይልን አይደለም። አንድ ሊትር ውሃም ጨጓራን ይለጥጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጥሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሰዓት የአንጀት ነው። ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ ትንሹን አንጀት ሲነካ የአንጀት ግድግዳ ልዩ ልዩ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ከእነዚህ አንዱ ኮሌሲስቶኪኒን የተባለው በአይጦች ላይ መብላትን እንደሚያስቆም በ1973 ታይቷል፤ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የሚባሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ የሚለኩት የምግቡን ይዘት ሳይሆን ምንነቱን፣ በተለይም ስቡንና ፕሮቲኑን ነው። ችግሩ ጨጓራ በር ጠባቂ መሆኑ ነው። ወደ አንጀት የሚያሳልፈው በደቂቃ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ይዘን አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ተማሪ ከትምህርት ክፍል ወጥቶ 700 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምሳ በ8 ደቂቃ ጨረሰ እንበል። በ8 ደቂቃ ውስጥ ቢበዛ 32 ኪሎ ካሎሪ ወደ አንጀቱ አልፏል፤ ይህም ከምሳው 5 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ፣ የምግቡን ምንነት የሚያነበው መለኪያ ካየው ያላየው እጅግ ይበልጣል። ያው ምሳ በ25 ደቂቃ ቢበላ እስከ 100 ኪሎ ካሎሪ ያልፋል፤ ሆርሞኖቹም ወደ ደም ለመግባትና አንጎል ለመድረስ ጊዜ ያገኛሉ። በሁለቱ ምሳዎች መጨረሻ ላይ «ጠግቤአለሁን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ጥያቄ የጠየቀ ይመስለዋል እንጂ የሚያነበው ሁለት የተለያየ መለኪያ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት የሌፕቲን ነው። እርሱ የሚዘግበው ስለ ዛሬ ምሳ ሳይሆን በጎተራ ስላለው ክምችት ነው፤ የሚለዋወጠውም በቀናትና በሳምንታት ነው። ከገበታ ላይ «በቃኝ» አያሰኝም፤ ነገር ግን ሌሎቹ ምልክቶች ምን ያህል ተሰሚነት እንደሚኖራቸው ይወስናል።

የዘገየ መለኪያ ያለው ቁጥጥር ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃል። ማብሪያው ሲከፈት ሽቦው ወዲያው ይግላል፤ ሸክላው ግን ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ ከላይ የሚታወቀው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው። ሲጠፋም እንዲሁ ሙቀቱ ይቆያል። ልምድ ያላት ጋጋሪ ይህን ስለምታውቅ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች የምትጋግረው መብራቱን አጥፍታ፣ ሸክላው በያዘው ሙቀት ነው። አንጎሏ የመዘግየቱን ልክ በልምድ አውቆታል። በምግብም ረገድ ብልሃቱ ይኸው ነው፦ ጥጋብ ሙሉ ሆኖ ሳይሰማ፣ ራቡ ጋብ ሲል ማቆም፤ የቀረው ጥጋብ እየመጣ ነውና። እናቶቻችን ይህን ያለ ሆርሞን ዕውቀት ሲመክሩ ኖረዋል።

«ጥጋብ ለመሰማት 20 ደቂቃ ይፈጃል» የሚል አባባል በሰፊው ይነገራል። ለልማድ የሚጠቅም ጥሩ ግምት ነው፤ ነገር ግን እንደ ብርሃን ፍጥነት የጸና የተፈጥሮ ቁጥር አድርጎ መያዝ ስሕተት ነው። ሾርባና ጥብስ፣ ፈሳሽና ጠጣር፣ ቅባት ያለውና የሌለው ምግብ የየራሳቸው መዘግየት አላቸው።

የራብ ምልክትም የራሱ ሰዓት አለው። ግሬሊን ከምግብ በፊት ከፍ፣ ከምግብ በኋላ ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለውም ጨጓራ ባዶ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የተለመደው የምግብ ሰዓት ስለደረሰ ጭምር ነው። ምግብ ሳይበሉ በዋሉ ሰዎች ደም ውስጥ በተለመደው ሰዓት አካባቢ ከፍ ብሎ፣ ምንም ሳይበሉ ተመልሶ እንደሚወርድ ታይቷል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የረፋዱ ራብ እንደ ማዕበል መጥቶ ያልፋል እንጂ በቀጥታ መስመር እያደገ አይሄድም። በረመዳን የሚጾመውም እንደዚሁ።

መለኪያው የሚስትባቸው ሁኔታዎች

ጣፋጭ መጠጥ። በ2000 በታተመ አንድ ጥናት 15 ሰዎች ለአራት ሳምንት በቀን 450 ኪሎ ካሎሪ በከረሜላ መልክ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ያንኑ ያህል በለስላሳ መጠጥ መልክ ተሰጣቸው። ከረሜላውን ሲበሉ ሌላውን ምግባቸውን ሳያውቁት ቀነሱ። መጠጡን ሲጠጡ ግን አልቀነሱም። ሰውነት የታኘከውን ስኳር ቆጥሮ የተጠጣውን ሳይቆጥር ቀረ። አንድ ተራ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር እንደሚይዝ ስናስብ፣ ምሳን በለስላሳ ማወራረድ በመለኪያው ሥር ሾልኮ የሚያልፍ ተጨማሪ ኃይል መጨመር ነው።

ውሃ ግን በምግቡ ውስጥ ሲሆን ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ምግብ በሾርባ መልክ ሲቀርብና ውሃው ከጎን በብርጭቆ ሲቀርብ፣ በሾርባው የሚገኘው ጥጋብ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከእኛ ገበታ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ለያዘው ኃይል ሰፊ ቦታ ይይዛል። ቆሎ በአንጻሩ ደረቅ በመሆኑ በግራም ከእንጀራ እጥፍ ያህል ኃይል ይዟል፤ ነገር ግን ፍሬ በፍሬ ስለሚቆረጠምና መንጋጋን ስለሚያደክም የመዘግየቱ ችግር በራሱ ይፈታል። ፋብሪካ የሚያመርታቸው ለስላሳ ብስኩቶች የቆሎውን ድርቀት ያለ ቆሎው አዝጋሚነት አጣምረው ይዘዋል፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን በተቋሙ አስቀምጠው፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ አደረጉ። የቀረቡት ምግቦች በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በአሠር ተመጣጣኝ ነበሩ። ሰዎቹ በተቀነባበረው ምግብ ወቅት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በፍጥነትም በሉ። ያም ሆኖ ጠግበናል ያሉት በሁለቱም ወቅት ነው።

እንቅልፍ ማጣት። በ2004 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ እንደቀነሰ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። ቁጥሩ ከጥቂት ሰዎች የተገኘ መሆኑን ባንረሳም፣ በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሲያነቡ አድረው በማግሥቱ ጣፋጭ ነገር ለሚያምራቸው ተማሪዎች እንግዳ አይሆንባቸውም። ከዚህ ጋር ጫት ሲጨመር ነገሩ ይባባሳል፤ ጫት ራብን ያፍናል፣ የጨጓራን መጉደልም ያዘገያል። ምልክቱ ታፈነ እንጂ ፍላጎቱ አልቀረም።

ገበታና ማኅበር። ሰው ከሌሎች ጋር ሲበላ ብቻውን ከሚበላው አብልጦ እንደሚበላ በብዙ አገር ተመዝግቧል። በእኛ ዘንድ ይህ ይጠነክራል። ከአንድ ትሪ ስለምንበላ የየራሳችን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን አይታወቅም፤ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» የሚሉ ቃላትም ከየትኛውም ሆርሞን የበረታ ኃይል አላቸው። ጉርሻ ይቅር አንልም። የአክብሮትና የፍቅር ቋንቋ ነውና በሚዛን መለካቱ ነውር ይሆናል። ይልቅ ጉርሻው እንደሚመጣ የሚያውቅ እንግዳ ከወዲሁ ቦታ ቢተውለት ይሻላል።

ትውስታም ከመለኪያዎቹ አንዱ ነው። በ1998 የታተመ አንድ ምርመራ ያደረጉትን ወዲያው የሚረሱ ሁለት ሕመምተኞችን ይገልጻል። ምሳ ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ምሳ ሲቀርብላቸው በሉት። እስክንጠግብ መብላታችን በከፊል መብላታችንን ስለምናስታውስ ከሆነ፣ ዓይኑን በስልክ ላይ ተክሎ የሚበላ ሰው ከትውስታው እየሰረቀ ነው ማለት ነው።

የተራበ መለኪያ

እስካሁን የተናገርነው መለኪያው ጤነኛ እንደሆነ በማሰብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የተባለው ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በግማሽ ምግብ አኖራቸው። ወጣቶቹ በሃይማኖትና በሕሊና ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ ነበሩ፤ የሙከራው ዓላማም በጦርነቱ የተራቡ ሕዝቦችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብ ያዙ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ምግብ እንደ ልብ ከተፈቀደላቸው በኋላ የሆነው ነው። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ተወጥሮ ሌላ ማስገባት ሳይችሉ ራባቸው አልቆመም። የጨጓራው መለኪያ «ሞልቷል» ሲል የክምችቱ መለኪያ «ጎተራው ባዶ ነው» ይል ነበር።

ይህ ሙከራ ለእኛ ሁለት መልእክት አለው። የመጀመሪያው በአጭር ጊዜ ለመቅጠን ብለው ራሳቸውን ለሚያስርቡ ወጣቶች ነው። ራብን ለወራት አፍኖ መኖር መለኪያውን አያሠለጥነውም፤ ያዛባዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መለኪያ አልባ መብላት የፈቃድ ድክመት ሳይሆን ከሥርዓቱ የሚጠበቅ ምላሽ ነው። ምግብ ፊቷ ሲቀርብ ፍርሃት የሚይዛት ወይም ከበላች በኋላ ለማስመለስ የምትሞክር እኅት ካለችን፣ የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን ሐኪም ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። «ጥጋብህን አድምጥ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ለመጥገብ የሚበቃ ምግብ ላለው ሰው ነው። በአገራችን ይህ ለሁሉም የተሟላ አይደለም። በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ቁርስ ዘለው የመጡና ቁርስ ያልነበራቸው ተማሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሁለተኛው ተማሪ መለኪያ በትክክል እየሠራ ነው፤ የጎደለው ማድመጥ ሳይሆን እንጀራ ነው። መምህር የሆነ ሰው የሚያንቀላፋውን ተማሪ ከመገሠጹ በፊት ይህን ልዩነት ቢጠይቅ መልካም ነው።

ስለ አዲሶቹ መድኃኒቶችም ጥቂት እንበል፤ ጉዳዩ በእጅጉ የፊዚክስ ተማሪን የሚስብ ነውና። ከላይ የጠቀስነው ጂኤልፒ-1 ሆርሞን በደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ኢንዛይም ወዲያው ያፈርሰዋል። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ግማሽ ዕድሜው አንድ ሳምንት ገደማ እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። አንድ ሳምንት 10080 ደቂቃ ስለሆነ ዕድሜው አምስት ሺህ ጊዜ ያህል ረዘመ ማለት ነው። መልእክቱ ያው «በቃ» ነው፤ የተለወጠው የመክሰሚያው ፍጥነት ነው። በአሜሪካ በ2017 ለስኳር በሽታ፣ በ2021 ደግሞ ለክብደት ቅነሳ ተፈቅዷል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም።

መለኪያው የማያነባቸውም ነገሮች አሉ። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያመጣል፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ዳፍንት ያመጣል። ይሁንና ለአዮዲን የሚሰማ ራብ የለም፤ ሰው ጠግቦ ሊጎድለው ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምልክት አለ፣ አቅጣጫው ግን የተሳሳተ ነው፦ አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ያለባት ናት፤ አፈሩ ግን እጥረቱን አይሞላላትም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛም የምግብ ሰዓቱን በራቡ ብቻ ሊወስን አይገባም። ያለ ምክንያት ለሳምንታት የቆየ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ በተለይ ክብደት ከመቀነስና ከሳል ጋር ሲሆን፣ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ነው።

የአንድ ሳምንት ሙከራ

ከዚህ በላይ ያለውን በቃላችን ብቻ እንዳታምኑ፣ ደብተርና ሰዓት የሚበቃው ሙከራ እናቅርብ። (የስኳር ሕመም ያለባቸውና ከምግብ ጋር ጭንቀት ያለባቸው አንባቢያን ይለፉት።) ከ0 እስከ 10 የሆነ ሚዛን አዘጋጁ፤ 0 ጠኔ፣ 5 ራብም ጥጋብም የሌለበት፣ 10 ቁንጣን ይሁን። በየቀኑ በምሳ ሰዓት አራት ንባብ ውሰዱ፦ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ምግቡ ሲጋመስ፣ ስታቆሙ፣ ካቆማችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ። ሦስት ቀን እንደ ልማዳችሁ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ጊዜውን እጥፍ አድርጋችሁ ብሉ። ምግቡ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሰባተኛውን ቀን ለተበላሸ ንባብ መተኪያ አቆዩት። የትናንቱን ቁጥር ሳታዩ የዛሬውን ጻፉ፤ ዎሽበርን ወረቀቱን እንዳላየ ሁሉ።

አራተኛውን ንባብ ከሦስተኛው ስትቀንሱ ሳይሆን ሦስተኛውን ከአራተኛው ስትቀንሱ የምታገኙት ልዩነት የመለኪያችሁ መዘግየት የሚያስከትለው ትርፍ ነው። የእያንዳንዱ ንባብ ስሕተት አንድ ነጥብ ያህል እንደሚሆን ገምቱ፤ የሦስት ቀን አማካይ ስትወስዱ ስሕተቱ በሦስት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.7 ያህል ይካፈላል። ስለዚህ በፈጣኑና በዝግተኛው ምሳ መካከል ከአንድ ነጥብ ያነሰ ልዩነት ካገኛችሁ ገና ምንም አላሳያችሁም፤ ሳምንቱን ድገሙት። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ማለትም ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥጋቡ ከቀነሰ፣ የበላችሁት ምን እንደነበረ ከጎኑ ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከአንድ ትሪ የምትበሉ ጓደኞች ከሆናችሁ ደግሞ ሳምንቱ ሳያልቅ ደብተራችሁን አትተያዩ።